የባሕር ዓሣ ጫጩትና ደቂቅ አልጌ

ጥያቄ፦ የባሕር ዓሣ ጫጩቶችን ያለ ዓሣ ዘይት ማሳደግ ይቻላል?

መልስ፦ በአብዛኛው ይቻላል። ጫጩቶቹ የሚያስፈልጓቸው በዘይቱ ውስጥ ያሉት ዲኤችኤ እና ኢፒኤ የተባሉ የኦሜጋ 3 ቅባቶች ናቸው፤ ዓሣም ቢሆን እነዚህን በምግብ ሰንሰለት በኩል የሚያገኘው ከደቂቅ አልጌዎች ነው። ቆሮሶን የመሰሉ የሐይቅ ዓሦች ከዕፅዋት ቅባት ተነሥተው በተወሰነ መጠን ያዘጋጇቸዋል። በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚረባው ሲብሪም የተባለው የባሕር ዓሣ ግን በዚህ ረገድ እጅግ ደካማ ነው። ዲኤችኤ ካነሰው አንጎሉና ዓይኑ በቅጡ ስለማይዳብሩ ምግቡን አይቶ መያዝ ይቸግረዋል።

ናኖክሎሮፕሲስ የተባለው አልጌ በኢፒኤ የበለጸገ ሲሆን ዲኤችኤ የለውም ማለት ይቻላል። ጉድለቱን የሚሞላው ሺዞኪትሪየም ነው፤ በጥብቅ ምደባ አልጌ ባይባልም፣ በተዘጋ ማብላያ ጋን ውስጥ ስኳር እየተመገበ ያለ ብርሃን ይራባል። ጨቅላው ጫጩት የሚያድነው ሕያው ምግብ ስለሆነ፣ አልጌው አስቀድሞ ሮቲፈር ለተባሉ ጥቃቅን እንስሳት ይሰጣል። ናኖክሎሮፕሲስንና ሺዞኪትሪየምን ማጣመር አንዱን ብቻ ከመስጠት ይሻላል፤ ዋነኛው እንቅፋት የምርት ዋጋው ነው።