ምክንያትና ውጤትን በጽሑፍ መግለጽ

ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን የምታስረዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ «ስለ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ» እና «ይሁን እንጂ» የት የት እንደገቡም ልብ በሉ።

ምንባብ፦ የተሰበረ አጥንት

በጅማ ዙሪያ ባሉት በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ ደኖች ቡናው የሚበቅለው በረዣዥም ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በዛፎቹም ላይ ገበሬው የንብ ቀፎ ይሰቅላል። አንድ ወጣት ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀና ጭኑ ተሰበረ እንበል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻው ነው። ወጌሻ ስንቱን ስብራት አቃንቷል፤ ሙያው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ማሰሪያው ከልክ በላይ ከጠበቀ የደሙን መንገድ ይዘጋል። ደም ያላገኘ ሥጋ ስለሚሞት ጉዳቱ እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያውኑ መላላት፣ ታማሚውም በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። በተሰበረበት ቦታ በመጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጠንክሮ አጥንት ይሆናል። የጭን አጥንት ግን በብርቱ ጡንቻዎች ስለሚጎተት በማሰሪያ ብቻ ቀጥ ብሎ አይቆይም። ስለዚህ ሐኪሙ በመቅኔው ቦታ ረጅም የብረት ዘንግ ያስገባል። ጀርመናዊው ሐኪም ገርሐርድ ኩንቸር ይህን ዘዴ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ የመሐንዲስም ነው። የማይዝግ ብረት ከአጥንት ዐሥር እጥፍ ያህል ግትር ነው። ሸክሙን ብረቱ ብቻውን ከተሸከመው አጥንቱ ይሳሳል፤ ምክንያቱም አጥንት ሸክም ካልቀመሰ ይመነምናል። የቲታኒየም ድብልቅ ግትርነቱ የብረቱን ግማሽ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ ነው። ዘንጉ ከመጠን በላይ ቢቀጥን ደግሞ አጥንቱ ሳይገጥም በእርምጃ ብዛት ደክሞ ሊሰበር ይችላል። የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ የሚመራመረው በእነዚህ ሁለት አደጋዎች መካከል ነው። በ1992 ዓ.ም. በተመሠረተው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ምሕንድስና በአንድ ተቋም ሥር ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ተማሪው ሐኪሙን ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ማስተዋያ

«ስለ» ከግሥ ጋር ሲጣመር ምክንያቱ ይቀድማል፤ «ምክንያቱም» ሲገባ ግን ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ ይመጣል። «ደም ስላላገኘ ስለዚህ ሞተ» ብሎ ሁለቱን መደረብ በተማሪዎች ደብተር ላይ ዘወትር የሚታይ ስሕተት ነው። አንዱ ይበቃል።

መልመጃ

«ደም ያላገኘ ሥጋ ስለሚሞት…» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ምክንያቱም» በሚለው ቃል እንደገና ጻፉ። ከዚያም በሠፈራችሁ ያሉትን ወጌሻ፣ ማሰሪያው መጥበቁን በምን እንደሚያውቁ ጠይቃችሁ የነገሯችሁን በአንድ አንቀጽ አቅርቡ።