በጉበት ላይ የሚወጣው የሃይዳቲድ ከረጢትና ሕክምናው

በሰሜን ኬንያ በቱርካና ምድር ሆዳቸው ቀስ በቀስ እየተነፋ ወደ ሐኪም የሚመጡ አርብቶ አደሮች ብዙ ናቸው። ከሚገኙባቸው በሽታዎች አንዱ ሃይዳቲድ ይባላል። አምሬፍ የተባለው የሕክምና ድርጅት በዚያ በ1983 እ.ኤ.አ. በሽታውን የመቆጣጠር ሥራ ጀምሯል። በአገራችንም በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ታይቷል።

መነሻው በውሻ አንጀት የሚኖር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ትል ነው። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃ ወይም በምግብ ወደ ሰው አፍ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ በጉበት ላይ ያርፍና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያድጋል።

ሐኪም ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ይህ ውሃ በሆድ ውስጥ እንዳይፈስ ነው። ቢፈስ ሕመምተኛው በድንገተኛ አለርጂ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም በውሃው ያሉት የትል ራሶች ተዘርተው አዳዲስ ከረጢቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀን የሆድ እብጠት መውጋት፣ መብጣትም ሆነ ማሸት አይገባም።

ሕክምናው የሚመረጠው ከረጢቱ በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ነው።

1. መድኃኒት፦ ከ5 ሴንቲሜትር ለሚያንስ ውሃማ ከረጢት አልቤንዳዞል ለወራት ይሰጣል።

2. በመርፌ መቅዳት፦ ከዚያ ለሚበልጥ ውሃማ ከረጢት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ ውሃውን ይቀዳል። ሐሞት ካልተቀላቀለበት ትሉን የሚገድል ብርቱ የጨው ውሃ ወይም አልኮል ይጨምርና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይቀዳዋል። ሐሞት ከታየ ግን አይጨምርም፤ የሐሞት ቧንቧን ይጎዳልና።

3. ቀዶ ሕክምና፦ ትልቅ ሆኖ በውስጡ ሌሎች ከረጢቶችን ላዘለ፣ ለመፈንዳት ለቀረበ፣ ወይም ከሐሞት ቧንቧ ጋር ለተገናኘ ነው። ሐኪሙ ዙሪያውን በጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይከልላል፤ ውሃውን ይመጥጣል፤ የውስጡን ነጭ ሽፋን ያወጣል፤ ሐሞት የሚያፈስ ቀዳዳ ቢኖር ይሰፋል፤ ባዶውን ስፍራ በሞራ ይሞላል። ከረጢቱን ከነቅርፊቱ ማውጣት በሽታው እንዳይመለስ የበለጠ ይረዳል፤ ነገር ግን ብዙ ደም ሊያስፈስስ ስለሚችል የተሟላ ሆስፒታል ይጠይቃል።

4. መከታተል፦ ደርቆ የጠጠረ ከረጢት ካላሳመመ አይነካም፤ በየጊዜው ይታያል።

ይህ ሁሉ የታመመውን ይረዳል እንጂ የበሽታውን ምንጭ አያደርቅም። በእርድ ጊዜ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትጣሉ፤ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ውሾችን የትል መድኃኒት አስውጡ። ልጆችም ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን እርድ ሲኖር ለውሾች የሚጣለው ምንድር ነው? ሆዱ ያበጠ ሰው ቢመጣ አልትራሳውንድ ወዳለበት ወደ የትኛው ሆስፒታል እንልከዋለን?