ስለ ሙዚቃ ድኅረ ምረቃ ማመልከቻ፤ ከሻርጃ ምልልስ

በሙዚቃ ድኅረ ምረቃ ማለት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በአንድ የሙዚቃ ዘርፍ ላይ ተወስኖ የሚቀጥለው የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርት ሲሆን፣ ከዱባይ፣ ከሻርጃ ወይም ከአጅማን የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ የትምህርት ማስረጃው አዲስ አበባ፣ እንጀራው ኤምሬትስ፣ የሚመኘው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሦስተኛ አገር ስለሚሆንበት ጉዳዩ ከሌላው አመልካች ይልቅ ይወሳሰብበታል። የሚከተለው ምልልስ፣ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ሻርጃ በተቀመጡ አንድ አረጋዊ እና ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በክራር ተመርቃ አጅማን በምታድር፣ ዱባይ በምትሠራ ወጣት መካከል እንደ ተደረገ ሆኖ የተጻፈ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ማስተርሱን ሥራ ሳይለቁ እዚሁ መማር አይቻልም?

መላሽ፦ በቅርብ ያለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ሻርጃ ፐርፎርሚንግ አርትስ አካዳሚ ነው፤ እርሱ ግን የሚታወቀው በትወና፣ በሙዚቃዊ ቴአትርና በመድረክ ሥራ በሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አቡ ዳቢ ላይ የተከፈተው የአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ማእከልም የተቋቋመው ለሥልጠናና ለዐውደ ጥናት እንጂ ዲግሪ ለመስጠት አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ ሰው ዓይኑን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ቢጥል ይሻለዋል።

ጠያቂ፦ ማዶ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሲታዩ ሁሉም «የሙዚቃ ማስተርስ» ይላሉ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መላሽ፦ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ክወና ነው፤ በዚህ አመልካቹ የሚመዘነው በመጫወት ችሎታው ስለሆነ ኦዲሽን፣ ማለትም በመምህራን ፊት ወይም በቀረጻ የሚቀርብ የችሎታ ፈተና፣ ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ድርሰት ሲሆን የራስ ሥራዎች ስብስብ፣ ፖርትፎሊዮ የሚባለው፣ በኖታና በድምፅ ይጠየቃል። ሦስተኛው ጥናት ነው፤ ከእርሱም ውስጥ ኤትኖሙዚኮሎጂ፣ ሙዚቃን ከሚጫወተው ማኅበረሰብ እምነት፣ ታሪክና ኑሮ ሳይነጥል የሚመረምረው ዘርፍ፣ ለአገር ቤት መሣሪያ ተጫዋች ከሁሉም ይቀርባል። ለክወናው ዘርፍ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለፒያኖ፣ ለቫዮሊን ወይም ለጊታር የተዘጋጀ የፈተና ዝርዝር አላቸው፤ ክራርን የሚመዝን ፈታኝ ግን በቀላሉ አይገኝላቸውም። ፈታኝ በሌለበት ፈተና ለመቀመጥ ዓመት ማባከን ደግሞ አይመከርም።

ጠያቂ፦ በጥናቱ መንገድ ከዚህ በፊት የሄደ ኢትዮጵያዊ አለ?

መላሽ፦ አለ፤ የራሱ የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማሩና በአገራቸው ካስተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ኮነቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በሠሩት ጥናት ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ «ኤትኖሙዚኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ክራር አንድ ጽሑፍ ያወጡ ሲሆን፣ መሣሪያውን ያዩት የኢትዮጵያ ብቻ አድርገው ሳይሆን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ከሚገኙት፣ አካላቸው እንደ ሳሕን ከጎደጎደ የክር መሣሪያዎች መካከል አስገብተው ነው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ በክወናና በድርሰት በኩል በበርክሊ አልፈው ገናና ሆነዋል፤ ነገር ግን የእርሳቸው መንገድ በቫይብራፎን የተከፈተ ነበርና ለክራር ተጫዋች የአሸናፊ ምሳሌነት ይበልጥ ይቀርባል።

ጠያቂ፦ እንግዲያው በማመልከቻው «የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ ታሪክ» የሚል የጥናት ርእስ ቢቀርብ?

መላሽ፦ ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ የማይበቃው ርእስ ነው፤ መራጩ ኮሚቴም ሲያነበው አመልካቿ ጥያቄ እንደሌላት ነው የሚረዳው። የምርምር ዕቅድ የሚባለው፣ በጥቂት ገጽ የሚጻፈውና ምን፣ ከማን፣ እንዴት ባለ ዘዴ እንደሚጠና የሚገልጸው ሰነድ፣ የሚፈልገው በአንድ ሰው ዓይንና ጆሮ ሊደረስበት የሚችል ጠባብ ጥያቄ ነው። ከዚያም በላይ ጥያቄው ሌላ ሰው በቀላሉ ሊያነሣው የማይችለው ቢሆን ይመረጣል። በሻርጃና በአካባቢው የሚኖር ክራር ተጫዋች እንዲህ ያለ ጥያቄ ደጃፉ ላይ ተቀምጦለት አያየውም።

ጠያቂ፦ በደጃፍ ያለው የትኛው ነው?

መላሽ፦ ጠንቡራ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖባን በተባለው ጨዋታ ውስጥ የሚመታው ጠንቡራ ስድስት ክር ያለው፣ ሁለት ቋሚ እንጨትና አንድ አግዳሚ ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ክራርን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ዘመዱን እንዳገኘ ይሰማዋል። ኖባን የሚለው ስም ራሱ ኑብያን ያስታውሳል፤ ጨዋታውም ከአፍሪካ ምሥራቅ በባርነትና በባሕር ንግድ ከመጡ ሰዎች ጋር የተሻገረ ነው። አብሮት የሚሄደው መንጁር፣ የፍየል ሰኮና ተደርድሮ የተሰፋበትና ጨፋሪው በወገቡ ታጥቆ የሚያንሿሿው መታጠቂያ፣ ምቱን ይጠብቃል። ጠንቡራ በኢትዮጵያም ስሙ ከሚታወቀው ከዛር ጋር በሚቀራረብ የፈውስ ሥርዓት ውስጥም ይገባል። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ክራር በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ሲቃኝ፣ ጠንቡራው እንዴት ይቃኛል? ቅኝቱስ በዘፋኙ ድምፅ ይመራል ወይስ ድምፁን ይመራል? በየዓመቱ በሚከበሩት የሻርጃ የቅርስ ቀናት የባህል ቡድኖች ስለሚቀርቡ፣ ተጫዋቾችን ለማግኘት ከዚያ መጀመር ይቻላል፤ ሳይፈቅዱ መቅረጽ ግን ነውርም የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰትም ነው። አረብኛ እየሰማ አማርኛ የሚያስብ፣ ክራርም የሚመታ አመልካች በለንደንም ሆነ በኮነቲከት በብዛት የለም።

ጠያቂ፦ ቀረጻስ ያስፈልጋል? በቤድ ስፔስ፣ በጋራ መኝታ ክፍል፣ ለሚኖር ሰው ጸጥታ ውድ ነገር ነው።

መላሽ፦ ለጥናቱ ዘርፍ የግድ ባይሆንም ማመልከቻውን ያጠነክራል። ቀረጻው ሳይቆራረጥ፣ እጅና ፊት እየታዩ፣ ኤሲው ጠፍቶ ሊደረግ ይገባል። የበጋው እርጥበት የክራሩን ቆዳ እንደሚያላላው፣ ኤሲው ደግሞ እንደሚያደርቀው የሚታወቅ ስለሆነ መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ከተላመደ በኋላ ይቃኝ። የሻርጃ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድን የሚያርፉ በመሆኑ፣ እዚያ የሚሠራ ወዳጅ ያለው ሰው ክፍል መዋስ ያለበት በዓርብ ነው። ሻርጃንና ዱባይን በሚያገናኘው በአልኢትሃድ መንገድ መጨናነቅ ደክሞ የመጣ እጅ ግን ጥሩ ክራር አይመታም።

ጠያቂ፦ የእንግሊዝኛው ፈተናና የድጋፍ ደብዳቤው?

መላሽ፦ አይኢኤልቲኤስ ዱባይ ይሰጣል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ደብዳቤው ከያሬድ መምህራን ይምጣ፤ የባንድ አለቃ ምስክርነት ጨዋታን ይመሰክራል፣ ማጥናትን አይመሰክርም።

ጠያቂ፦ ገንዘቡስ? ከደመወዙ ድርሃም ለቤተሰብ ተልኮ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

መላሽ፦ በብሪታንያ መንግሥት የሚከፈለው ቼቭኒንግ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪው ሲጨርስም ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ አገር ሲባል ኢትዮጵያ እንጂ ዱባይ አይደለም። ይህን ግዴታ ያልወደደ ባያመለክት ይሻላል። በሌላ በኩል ተራ የኤምሬትስ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከ180 ቀን በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ሊወድቅበት ይችላል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓመት ትምህርት የሚሄድ ሰው የዱባይ ሥራው ይጠብቀኛል ብሎ ባያስብ ይበጀዋል።

ጠያቂ፦ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ታዲያ የትኛው ነው?

መላሽ፦ ወረቀቱ። ዩኒቨርሲቲዎች ስቱደንት ኮፒን ሳይሆን ከሬጅስትራር ታሽጎ የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይሻሉ፤ የወጪ መጋራት ዕዳውን፣ ማለትም ተመራቂው ከተመረቀ በኋላ ለመንግሥት የሚመልሰውን የትምህርት ወጪ ድርሻ፣ ያላጠናቀቀ ሰው ደግሞ ዋናውን ዲግሪ ማግኘት ይቸግረዋል። ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያስፈጽም ዘመድ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናው ዱባይ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። በፈረንጆች ታኅሣሥ ለሚዘጋ ማመልከቻ ውክልናው ሰኔ ሳይወጣ ይፈረም።