ደመወዝና የጎን ንግድ፤ ሰዓቱ ከየት ይመጣል?

ከእኛ መካከል ቀን በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ክፍል የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። የቀሩትም ቢሆኑ ከምረቃ በኋላ ደመወዝተኛ ለመሆን የሚጠባበቁ ናቸው፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ አልበቃ ሲል በጎን አንድ ንግድ መጀመርን ማሰባቸው አይቀርም። ስለዚህ ጉዳይ በተነጋገርን ቁጥር የሚነሣው የመነሻ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ግን ከዕቁብም ከዘመድም ሊገኝ ይችላል። አበዳሪ የሌለው ሰዓት ነውና በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እርሱን ብቻ ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ 48ቱን ለአሠሪው እንስጥ። በቀን 7 ሰዓት እንተኛለን ብንል 49 ይሄዳል። በአዲስ አበባ ታክሲ ተሰልፎ ለመሄድና ለመመለስ በቀን 2 ሰዓት ብንመድብ በስድስት ቀን 12 ይሆናል። ለመብላት፥ ለመታጠብና ልብስ ለማጠብ በቀን 3 ሰዓት ቢያስፈልግ ደግሞ 21 ነው። ድምሩ 130 ሆኖ 38 ሰዓት ይተርፋል። ከዚህ ላይ ለቅሶው፥ ዕድሩ፥ የታመመ ጥየቃው፥ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፥ ልጅ ላለውም ልጆቹ 20 ቢወስዱ የቀረው 18 ነው። የማታ ተማሪ የሆነ ሰው በሳምንት 12 ሰዓት ክፍል የሚገባ ከሆነ ለንግዱ የሚቀርለት 6 ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ያውም ጥናቱን ሳንቈጥር!

ይህ አኀዝ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ስለዚህ ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሁሉ በመጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን በደብተር እየመዘገበ ቢያየው ይጠቅመዋል። ያን ጊዜ የሚታየው ሌላም ነገር አለ። የተረፈው ሰዓት በአንድ ላይ አይገኝም። ግማሽ ሰዓት በምሳ፥ አንድ ሰዓት ከራት በኋላ፥ አራት ወይም አምስት ሰዓት እሑድ ጠዋት እየሆነ ተበጣጥሶ ይገኛል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስ ይሰፋ ይሆናል እንጂ ካፖርት አይሰፋም፤ ብዙ የጎን ንግዶች የሚወድቁትም ባለቤታቸው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን በቁርጥራጭ ጨርቅ ካፖርት ለመስፋት ስለሚነሣ ይመስለናል።

ስለዚህ የንግዱ ዓይነት ሲመረጥ ትርፉ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀው ሰዓት ጠባይ መታየት አለበት። አንዳንዱ ሥራ እጃችንን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ትዕግሥታችንን ብቻ ይፈልጋል። እንጀራን እንመልከት። ሐሙስ ማታ የጤፉን ዱቄት አቡክቶ እርሾ ለመጨመር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚያ በኋላ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ባለቤቱ ቢሮ ይውላል፥ ይተኛል፥ ፈተናም ይቀመጣል፤ ሊጡ ግን ሥራውን አያቋርጥም። እሑድ ማለዳ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይቀዳል፥ አብሲት ይጣላል፥ ኩፍ እስኪል ይጠበቅና ምጣዱ ይጣዳል። እጅ የሚፈለገው በሁለት ወቅት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከቢሮ ሰዓት ውጭ ይውላሉ። (መብራት እሑድ ጠዋት ከጠፋ ግን ይህ ሁሉ ዕቅድ እንደሚበላሽ እናውቃለን። የማገዶ ምጣድ በተጠባባቂነት ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።)

አሁን ደግሞ ጫጩትን እንመልከት። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ በወረቀት ላይ ሲሰላ ትርፉ ያማረ ነው። ነገር ግን ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊትና ቀን ሙቀት ይፈልጋል። መብራቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቢጠፋ ባለቤቱ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ይታፈናሉ። ማታ ሲመለስ የሚጠብቀው ኪሳራ ነው። ያው ሰው ሦስት ወር የሞላቸውን ቄቦች በውድ ዋጋ ቢገዛ ግን ጠዋትና ማታ ቀለብና ውሃ ሰጥቶ፥ እንቍላሉን ሰብስቦ ወደ ሥራው ሊሄድ ይችላል። በዋጋው ላይ የጨመረው ብር ሰዓት የገዛበት ገንዘብ መሆኑን ያስተውሏል።

ሱቅ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሰው ይፈልጋል። ደመወዝተኛው ሱቅ ከፈተ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከገጠር የመጣ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ነው። በዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ አንፈልግም። የልጁ ሰዓት በማንም መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ አይጻፍም፤ ስለዚህ ሱቁ ያተረፈ ይመስላል። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከባንኮኒ ኋላ እየተቀመጠ የክፍል ደረጃው ሲወርድ፥ ያ ትርፍ ከማን እንደ ተወሰደ ግልጽ ነው። ለእርሱ ደመወዝ ቈርጦ፥ የጥናት ሰዓቱንም ከልሎ ትርፍ የማያሳይ ሱቅ፥ ቀድሞውንም ትርፍ አልነበረውም።

በሁለት ሥራ መካከል ሰዓቱን በማደላደል ረገድ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከአንቶኒ ትሮሎፕ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. በ1834 በፖስታ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። ሥራውን የሚያቃልል ሰው አልነበረም፤ በ1852 በጀርሲ ደሴት በመንገድ ዳር የቆሙት የፖስታ ሣጥኖች በእርሱ አሳብ የመጡ ናቸው። በጎን ደግሞ ልብ ወለድ እየጻፈ ይሸጥ ነበር፤ በዕድሜው 47 ልብ ወለድ ጽፏል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በጠረጴዛው ይቀመጣል፤ የሚቀሰቅሰው አሽከር ስለዚሁ አገልግሎት ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፈለው ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን ያነብበታል። ከዚያ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ያቆማል። ስንት ገጽ እንደ ጻፈ በየቀኑ በመዝገብ ስለሚያሰፍር የሰነፈበት ሳምንት ከራሱ ዓይን አያመልጥም ነበር። ለፖስታ ቤቱ በባቡር ሲጓዝም በጭኑ ላይ ሰሌዳ አድርጎ በእርሳስ ይጽፋል። ያን የእርሳስ ጽሑፍ በንጹሕ የምትገለብጠው ሚስቱ ነበረች፤ ስለዚህ ሰዓቱን ስንቈጥር የእርስዋንም አብረን መቍጠር ይገባናል።

ይህን ሁሉ የተናዘዘበት የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ በ1883 ሲታተም፥ ጥበብን እንደ ጫማ ሥራ በሰዓት ሰፍሮ ይሠራ ነበር ብለው የነቀፉት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ነቀፌታ አንስማማም። መንፈሱ እስኪያነሣሣው ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ በፖስታ ቤት ሥራ ደክሞ በሚመለስበት ማታ መንፈሱ ይመጣ ነበር ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ሁለተኛው ምሳሌ አሜሪካዊው ፊል ናይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከቀድሞ የሩጫ አሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው የጃፓን የሩጫ ጫማ ማስመጣት ጀመሩ። ናይት በሒሳብ አዋቂነት ተቀጥሮ ስለሚሠራ ጫማውን በመኪናው ጭኖ የሚሸጠው በትርፍ ጊዜው በሩጫ ውድድር ሜዳዎች ላይ ነበር። ገዢዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የተሰበሰቡበትን መምረጡ ነው ብልኀቱ። ንግዱ ሲሰፋ የሒሳብ ድርጅቱ ሥራ ሰዓቱን ሁሉ ስለ በላበት፥ ደመወዙን ጭራሽ አልጣለም፤ ብዙ ሰዓት ወደሚያስተርፍለት ወደ ፖርትላንድ ስቴት መምህርነት ተዛወረ እንጂ። ያ ንግድ ዛሬ ናይኪ የሚባለው ነው። የታወቀውን ምልክቱን በ1971 በ35 ዶላር የሣለችለትም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ካሮሊን ዴቪድሰን ነበረች።

ከአሠሪ ሰዓት ላይ መስረቅ እንደ መፍትሔ ሲነገር እንሰማለን። በቢሮ ወረቀት ደረሰኝ ማተም፥ ባለ ጉዳይ አሰልፎ ከደንበኛ ጋር በስልክ መከራከር የተለመደ ሆኗል። ባለ ጉዳዩ ከሩቅ ወረዳ የመጣ ገበሬ ሊሆን ይችላልና የተሰረቀው የመንግሥት ሰዓት ብቻ አይደለም። ደንበኞችን የምሳ ሰዓትንና ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ጊዜ ማስለመድ ይቻላል፤ ለጥቂት ሳምንት ያጉረመርማሉ፥ ከዚያ ይለምዱታል። ከእንቅልፍ መስረቅም ለአንድ ሳምንት ይሆን ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት መልስ አሳስቶ መስጠት፥ ዕቃ አሳስቶ መላክ ይመጣል።

ደመወዙ የሚተውበት ቀን መቼ ነው? ናይት የማስተማር ሥራውን የተወው በ1969፥ ንግዱ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ትሮሎፕ እስከ 1867 ድረስ በፖስታ ቤት ቆየ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላው በመልቀቁ ጡረታ እንደማያገኝ ያውቅ ስለ ነበር፥ ከመጽሐፍ ያገኘውን እያጠራቀመ ከጡረታው ጋር የሚመጣጠን የዓመት ገቢ የሚያስገኝ ገንዘብ እስኪሞላለት ጠብቋል። በእኛም አገር ለመሞከር የሚያመች አንድ መንገድ አለ። በላይ በጠቀስነው አዋጅ ሠራተኛው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱን ወስዶ በእነዚያ ቀኖች ሙሉ ሰዓቱን ለንግዱ ቢሰጥና ያገኘውን ከደመወዙ ጋር ቢያስተያይ፥ ገቢውን ያሳነሰበት የሰዓት እጥረት ነበር ወይስ የገበያ እጥረት የሚለው ይለይለታል። የማታ ተማሪ የሆነው ግን ፈቃዱን ለፈተና ሰሞን ያስቀምጠው፤ ለደንበኞቹም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ትእዛዝ እንደማይቀበል ይንገራቸው።