በጉዞ ላይ የሚያብጥ እግር

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 8 የእስራኤልን የአርባ ዓመት የምድረ በዳ ጉዞ ሲያስታውስ፣ የልብሳቸውን አለማርጀትና የእግራቸውን አለማበጥ አያይዞ ይጠቅሳል። የተጓዥ እግር ማበጡ ከጥንት የታወቀ፣ አለማበጡም እንደ ተአምር የሚቈጠር ነገር እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ያ ሕዝብ ይጓዝ የነበረው በእግሩ ነው። የዛሬው ተጓዥ እግሩ የሚያብጠው ግን በመሄዱ ሳይሆን ተቀምጦ በመዋሉ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል አሶሳ የሚያደርሰው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ለሰፈሩ ቤተሰቦችና ለልጆቻቸው ደግሞ፣ ለዓመት በዓል ዘመድ ለመጠየቅ መነሣት ከዚህም የረዘመ ጉዞ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣው መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልበለጠ ስለሚቀመጥ ይህ ትምህርት እምብዛም አይመለከተውም። የምንናገረው በአውቶቡስ ስለሚጓዘው ነው።

ልብ ደምን ወደ እግር ስትልክ የምድር ስበት ይረዳታል፤ መመለሱ ግን አቀበት ነው። ይህን አቀበት የሚያስወጣው በዋናነት የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ባታችን በተኰማተረ ቊጥር በውስጡ የሚያልፉትን ደም መልስ ሥሮች ይጨምቃቸዋል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖችም ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ጉልበቱን አጥፎ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ባቱ ሥራ ፈትቷል። ደሙ ከታች ይከማቻል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፈሳሹም በቀጫጭኑ ሥሮች ግድግዳ እየሰረገ ወደ ሥጋው ይወጣል። በማኅሌትና በቅዳሴ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙ ምእመናን ይህን ከልምድ ያውቁታል። ሙቀቱም ይታከልበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ አሶሳ ደግሞ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ቆላው ሲቀርብ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ የቆዳ ሥሮቹን ስለሚያሰፋ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጓዝ ሰው እግሩ ይበልጥ ይከብደዋል።

እንግዲህ መከላከያው ባትን ማሠራት ነው። ተቀምጠው ሳሉ ተረከዝን ከወለል ሳያነሡ ጣቶችን ወደ ላይ መሳብ፣ ቀጥሎም ጣቶችን ተክሎ ተረከዝን ማንሣት፣ ይህንንም በየግማሽ ሰዓቱ ሃያና ሠላሳ ጊዜ መደጋገም ይቻላል። ምንም ወጪ የለውም፤ ጎረቤት ተሳፋሪንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዕቃ ነው። በእግር ሥር የተጐዘጐዘ ማዳበሪያና ሻንጣ እግርን እንደ እስረኛ ስለሚይዝ፣ ከረዳቱ ጋር ተነጋግሮም ቢሆን ዕቃን ከላይ ማስጫን ይሻላል። ከተቻለ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር መምረጥ፣ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆምም በቶሎ ተመግቦ የቀረውን ጊዜ በእግር መንሸራሸር ይገባል። ብዙው ተሳፋሪ የሚያደርገው ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ በሌላው ላይ መቀመጥ ነው። የጫማ ማሰሪያን ማላላት፣ ባትን የሚያጠብቅ ልብስ አለመልበስ፣ እግርን በእግር ላይ አለማነባበርም ይረዳል።

ብዙ ሰው፣ በተለይም ሴቶች፣ በመንገድ ላይ መጸዳጃ እንዳያስቸግራቸው ሲሉ ከዋዜማው ጀምረው ውኃ ይተዋሉ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ ውኃ ያነሰው ደም ይወፍራል፣ የመርጋት ዕድሉም ይጨምራል። ጥቂት ጥቂቱን እየተጐነጩ መጓዝ ይሻላል። የሚጾም ተጓዥ ደግሞ ማታ በደንብ መጠጣት አለበት። ጨው የበዛበት ምግብ ውኃን በሰውነት ውስጥ ስለሚያቈይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንደሚመክር ማስታወስ ጥሩ ነው።

ከደረሱ በኋላ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ለግማሽ ሰዓት መጋደም ያስፈልጋል። ተራ የመንገድ እብጠት በሁለቱም እግሮች ላይ የሚታይ፣ የማያም፣ በአንድና በሁለት ሌሊት የሚጐድል ነው።

ሌላ ዓይነት እብጠት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ በመጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪት ሲምሰን የተባለ ሐኪም በዚያው ዓመት በጻፈው ጽሑፍ፣ በሳንባ ውስጥ በሚሰነቀር የረጋ ደም በድንገት የሚሞቱትን ሰዎች ከዚህ አቀማመጥ ጋር አያያዛቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናትም፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ተገልጿል። አደጋው በጥቅሉ ሲታይ ከ6,000 ተጓዥ አንዱን ገደማ የሚያገኝ በመሆኑ ሊያስፈራ አይገባም። ነገር ግን አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ከሞቀና ካመመ፣ ያን እግር ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ወጌሻ ዘንድ መሄድ ለወለምታ ሊጠቅም ይችላል፤ የረጋ ደም ያለበት እግር ከታሸ ግን ደሙ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተከተሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ፊቷና እጇ ካበጡ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከታከሉበት፣ መንገዱን ከመቀጠል ሐኪምን ታስቀድም።

በአካባቢያችን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የማይጐድለው እብጠት ነው። «መንገድ ነው፣ ይለቀኛል» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠራ ሰው በፖዶኮኒዮሲስ ሊያዝ ይችላል። ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ መንሥኤው ከእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ደቃቅ አፈር በቆዳ ውስጥ ገብቶ የሊምፍ ሥሮችን መጉዳቱ ነው። በሽታው ከእግር ጣትና ከመዳፍ ይጀምራል፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ቆዳውም እየወፈረ ይሄዳል። በቆላው ደግሞ በወባ ትንኝ ዓይነቶች የሚተላለፍ የሊምፍ ትል አለ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይህ ትል ከሚገኝባቸው ክልሎች አንዱ ነው። ለዚህኛው በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደለው አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል መከላከያ ስለሆነ፣ ዕደላው ሲመጣ ለጉዞ ተብሎ መቅረት አይገባም። ለፖዶኮኒዮሲስ ክኒን የለውም፤ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ግን ገና ከጅምሩ ይመልሱታል። ሁለቱንም ሕዝቡ ዝሆኔ ይላቸዋል። ሁለቱም ርግማን አይደሉም፤ ፖዶኮኒዮሲስ ጨርሶ አይተላለፍም፣ ትሉም ቢሆን በትንኝ እንጂ ከታማሚው ጋር አብሮ በመብላትና በመቀመጥ አይተላለፍም።

የእንግዳን እግር ማጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለዚህም ነገር ጥሩ አጋጣሚ ነው። ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደረቀ እግር ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣት ለዐሥር ሰከንድ ያህል መጫን ነው። ጣት ሲነሣ ጒድጓድ ከቀረ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። በሦስተኛውም ቀን ካልጐደለ፣ ሽንት የሚያወጣ ክኒን ከሰው ተቀብሎ ከመዋጥ ይልቅ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። እዚያም እብጠቱ በየትኛው እግር እንደ ጀመረ፣ ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ፣ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩንም መንገር ያስፈልጋል፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ብቻውን ቁርጭምጭሚትን ሊያሳብጥ ይችላልና።