የቀለም ሥዕል በፋይል ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን አሮጌ ዲስኮች ስናገላብጥ በአንድ ወቅት የቡሌቲናችን ሽፋን የነበረ የመሶብ ሥዕል ተገኘ። ሲከፈት ግን ጨለማ ነው፤ ቀዩ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ከመካከላችን «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ይጣል» ያሉ ነበሩ። ሥዕሉ ግን አልተበላሸም። ለምን እንደ ጨለመ ለመረዳት የፋይሉን አሠራር ማወቅ ያሻል።

ፋይሉ ፒሲኤክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን አቀማመጥ ያወጣው ዜድሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ ዓላማውም ፒሲ ፔይንትብረሽ ለተሰኘው የሥዕል ፕሮግራሙ ነበር። በዚያን ጊዜ ዋናው ችግር የቦታ ጥበት ነው። አይ ቢ ኤም በ1987 ያወጣው ቪጂኤ 320 በ200 ነጥብ በ256 ቀለም ያሳይ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ሲያዝ 64,000 ባይት ይሆናል። 360 ኪሎባይት የሚይዝ ዲስክ እንዲህ ካለው ሥዕል ከአምስት በላይ አይችልም።

ስለዚህ ፒሲኤክስ ተመሳሳይ ነጥቦችን ቆጥሮ ይጽፋል። ከመጀመሪያው የ128 ባይት መግለጫ ቀጥሎ የሚመጣው ባይት 192 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቆጣሪ ነው፤ 192 ሲቀነስለት የሚተርፈው ቁጥር ተከታዩ ባይት ስንት ጊዜ እንደሚደገም ይነግረናል። ትልቁ ድግግሞሽ 63 ነው። ከ192 በታች የሆነ ባይት ግን ራሱ አንድ ነጥብ ነው። መሶባችን ሰፋፊ ወጥ መደብ ስላለው በዚህ ዘዴ በጣም ያጥራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የቀለሙ ቁጥር ራሱ 200 ቢሆንስ? ብቻውን ቢጻፍ ቆጣሪ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣም 193፣ 200 ተብሎ በሁለት ባይት መጻፍ አለበት። ከ192 እስከ 255 ባሉ ቀለሞች ብቻ የተሠራና ጎረቤት ነጥቦቹ የማይመሳሰሉ ሥዕል «ሲታመቅ» እጥፍ ይሆናል ማለት ነው!

በአሚጋ ኮምፒዩተር ላይ በ1985 የወጣው የዳን ሲልቫ ዴሉክስ ፔይንት የተጠቀመበት አይኤልቢኤም በእኔ አስተያየት ይበልጥ የታሰበበት ነው። ፋይሉ ስምና ርዝመት ባላቸው ክፍሎች ይከፈላል፤ አንባቢው ፕሮግራም የማያውቀውን ክፍል ዘሎ ያልፋል።

ወደ መሶቡ እንመለስ። የነጥቡ ቁጥር ቀለም አይደለም፤ በቀለም ሠንጠረዥ ውስጥ የተራ ቁጥር ብቻ ነው። ባለ 256 ቀለም ፒሲኤክስ ሠንጠረዡን በፋይሉ ጅራት ያስቀምጠዋል፤ ይኸውም 12 የሚል አንድ ባይት፣ ከዚያም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የያዙ 768 ባይቶች ናቸው። ጅራቱ ከተቆረጠ ቅርጹ ቀርቶ ቀለሙ ይጠፋል። የእኛ ጅራት አልተቆረጠም። ሆኖም ቪጂኤ የእያንዳንዱን መጠን ከ0 እስከ 63 ሲቀበል፣ ፋይሉ የሚፈልገው ከ0 እስከ 255 ነው። ሥዕሉን የጻፈው ፕሮግራም የቪጂኤውን ቁጥር ሳይለውጥ አስገብቶታል። የዛሬው ኮምፒዩተር 63ን ሲያይ ከሙሉው ብርሃን ሩብ ያህል ብቻ ይሰጠዋል። 768ቱን ባይቶች በ4 ስናባዛ የመሶቡ ቀይ ተመለሰ።

ለመለማመጃ፦ 197፣ 14፣ 9፣ 193፣ 200 ስንት ነጥብ ነው? መልሱ ሰባት ነው፤ አምስቱ ቀለም 14፣ አንዱ 9፣ አንዱ 200።