ቀይ ባሕርና ታላላቅ መንግሥታት



ዛሬ የምናነበው ስለ ቀይ ባሕር ነው። «ባሕሩ ሩቅ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ግን ማዳበሪያችሁ በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል። ከዚያ በመኪና ተጭኖ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ የባሕሩ ነገር የእርሻም ነገር ነው።

ቀይ ባሕር በደቡብ በኩል ጠባብ በር አለው። ስሙ ባብ ኤል መንደብ ነው። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቡኢ ቡታጅራ እንደማለት። የእስያና የአውሮፓ ሸቀጥ፣ የዓረብ አገር ነዳጅ በዚህ ያልፋል። ታላላቅ መንግሥታት የሚፈልጉት ይህንን መንገድ ነው።

እንግዲህ ማን መጣ? ማንስ ሄደ?

በ1945 ዓ.ም. አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለች። አሥመራ የሚገኘውን ቃኘው የተባለ የጦር ሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትጠቀምበት ተፈቀደላት። በለውጡ መሣሪያና የወታደር ሥልጠና ሰጠች። በኋላ ግን ሰማይ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ተሠሩ። ጣቢያው እንደ ድሮው አላስፈለጋትም። ወዳጅነቱም ሻከረ። በሚያዝያ 1969 ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘ።

ሶቪየት ኅብረትስ? እሷ የሶማሊያ ወዳጅ ነበረች። የጦር መርከቦቿ በርበራ ወደብ ያርፉ ነበር። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ኢትዮጵያን ሲወር ሶቪየት ከኢትዮጵያ ጋር ቆመች። በኅዳር 1970 ሶማሊያ ሶቪየቶችን አስወጣች። መርከቦቻቸው በኋላ ዳህላክ ደሴቶች ላይ ማረፊያ አገኙ። በ1972 ደግሞ አሜሪካ በርበራን ለመጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተዋዋለች። አያችሁ? ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ!

የሶቪየት መሣሪያ አብዛኛው በብድር ነበር። ከየገበሬ ማኅበሩ ተመልምለው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ ልጆች ተዋጉበት። ብዙዎቹ አልተመለሱም። በ1984 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ዕዳው ግን ቀረ።

ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ። የቻይናው የተከፈተው በ2009 ነው።

ነጋዴ የመንገድ ዳር ቤት የሚከራየው ባለቤቱን ወዶ አይደለም፤ ገበያተኛው በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ገበያው ሲዛወር እሱም ይሄዳል። ታላላቅ መንግሥታትም እንዲሁ ናቸው። ታዲያ ቤት የሚያከራይ ሰው ውሉን አንብቦ ይፈርማል። አገርም እንደዚሁ ነው። የተከራየ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከነዕዳው ይቀራል።

አዲስ ቃላት፦ ውል፣ ጦር ሰፈር፣ ሳተላይት፣ ዕዳ።

ጥያቄዎች
1. ቃኘው ጣቢያ የት ነበር? ለምን ተዘጋ?
2. አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ቦታ የተለዋወጡት እንዴት ነው?
3. የጦርነቱን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ተወያዩበት።